ጓደኛሽ እንጀራውን ለምን አልበላችም?

ከኮምቦልቻ የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«በሕማማት ሳምንት ጓደኛዬ ከእስራኤል መጣች። ጎንደር አብረን ተምረናል፤ ቤተ እስራኤል ናት። የጾም በያይነቱ አቀረብኩላት፤ እንጀራውን አልነካችም። ‹ፋሲካ ነው› አለችኝ። ‹ኧረ ገና ነው› ስላት ሳቀች። ቅዳሜ ማታ ግን ራሷ ጠይቃ በላች። እሑድ ደግሞ ዶሮ ወጡን ተወችው። ቅቤና አይብ ከሥጋ ጋር አይሆንም፣ እርዱም የእኛ አይደለም፣ ኦሪት ነው አለች። እኔም እኮ የአሳማ ሥጋ አልበላም። ቅዳሜን አከብራለሁ። ወንዱን ልጄን በስምንተኛ ቀኑ አስገርዣለሁ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አብራኝ የምትሠራ ፕሮቴስታንት ባልደረባዬ ደግሞ ‹ይሄ ሁሉ ተሽሯል፣ በከንቱ ነው የምትደክሚው› ትለኛለች። ማናችን ነን ልክ? የሙሴ ሕግ ይመለከተናል ወይስ አይመለከተንም? ፋሲካስ አንድ ከሆነ ቀኑ ለምን ይለያያል?»

እህቴ፣ አብሽሪ። ጥያቄሽ ብዙ ሰው ሳይጠይቅ የሚያልፈው ነው። እኔ ደሴ ነው የምኖረው። ብሉይ ኪዳንን መጀመሪያ በአብነት ትምህርት ቤት ከነትርጓሜው ተማርኩ። ኋላ ኢየሩሳሌም ሦስት ዓመት ተቀምጬ ዕብራይስጡን ተማርኩ። አሁን ይህንኑ አስተምራለሁ። መልሱ ረዘም ይላልና ቡናሽን አፍልተሽ አንብቢው።

ከቀኑ ልጀምር። ጓደኛሽ የመጣችበት የ2017 ፋሲካ ልዩ ነበር። የአይሁድ ፋሲካ የገባው ቅዳሜ ሚያዝያ 4 ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። የመጀመሪያው ቀን እሑድ ሚያዝያ 5 ነበር። ያ ቀን ለእኛ ሆሳዕና ነው። በእስራኤል በዓሉ ሰባት ቀን ይከበራል። ስለዚህ ያበቃው ቅዳሜ ሚያዝያ 11 ማታ፣ ኮከብ ሲታይ ነው። ያ ደግሞ የእኛ ቀዳም ሥዑር ነው። የእሷ የቂጣ ሳምንትና የእኛ ሕማማት ላይ በላይ ገጠሙ ማለት ነው። እንጀራ የጠየቀችሽ ፋሲካዋ ስለወጣ ነው። አንቺ በዚያው ሰዓት ለሌሊቱ ቅዳሴ ነጠላሽን እያዘጋጀሽ ነበር። ሁለታችሁም በአንድ ቤት፣ በአንድ ምሽት። ይህን ሳነብ ልቤ ተነካ።

እንጀራውን የተወችው በእርሾው ነው። ዘጸአት 12 ሰባት ቀን እርሾ በቤታችሁ አይገኝ ይላል። እዚህ ላይ ደስ የሚል ዝርዝር አለ። የአይሁድ ሊቃውንት፣ ረቢዎቹ፣ በፋሲካ ሲቦኩ የሚከለከሉት አምስት እህሎች ናቸው ብለው ቆጥረዋል፤ ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃና ዘመዶቻቸው። ጤፍ ከአምስቱ ውስጥ የለም። የቤተ እስራኤል አባቶች ግን ይህን ቆጠራ አያውቁትም ነበር። ኦሪትን በግዕዝ ነው ያነበቡት። የረቢዎቹ የሕግ ትርጓሜ መጽሐፍ፣ ታልሙድ፣ አልደረሳቸውም። ለእነሱ የቦካ ሁሉ የቦካ ነው። እንጀራም ይቀራል፣ ጠላም ይቀራል፤ ቂጣ ይበላል። ጓደኛሽ በእናንተ ቤት የጠበቀችው የአያቶቿን የጎንደር ሥርዓት ነው።

ቀኑ ለምን ይለያያል? ኦሪት የሚለው በመጀመሪያው ወር በ14ኛው ቀን ሲመሽ ነው። የአይሁድ ወር በጨረቃ ይቆጠራል፤ 29 ወይም 30 ቀን ነው። እንዲህ ብቻ ከተተወ ፋሲካ በየዓመቱ ወደ ኋላ እየሸሸ ክረምት ይገባል። ስለዚህ በ19 ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ አንድ ተጨማሪ ወር ያስገባሉ። የእኛ የበዓላት ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብም፣ ይህንኑ 19 ይዟል፤ ንዑስ ቀመር የምንለው እሱ ነው። ልዩነቱ የመጣው ቀኑን ከማስላት በፊት «ምንድን ነው የምናከብረው?» ከሚለው ነው። አይሁድ ከግብፅ የወጡበትን ሌሊት ያከብራሉ። ስለዚህ ወሩና ሌሊቱ እንጂ የሳምንቱ ቀን አያስጨንቃቸውም። ብቻ በቀመራቸው ምክንያት የበዓሉ መጀመሪያ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ አይውልም፤ ሌሎቹ አራት ቀናት ላይ ይውላል። ክርስቲያን ደግሞ ትንሣኤን ያከብራል፤ ትንሣኤ እሑድ ነው። በጥንት በታናሽ እስያ የነበሩ ክርስቲያኖች በዚያው በ14ኛው ቀን ያከብሩ ነበር። በ325 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የኒቅያ ጉባኤ ግን ክርስቲያኖች የአይሁድን ስሌት ሳይጠብቁ በአንድ እሑድ እንዲያከብሩ ተስማማ።

ግን የአይሁድ በዓል ከስሌታችን አልወጣም። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ዘመድ ካለሽ «መጥቅዕ ምንድን ነው?» በዪው። ቃሉ መለከት ማለት ነው። ዘሌዋውያን 23 በሰባተኛው ወር መባቻ መለከት ይነፋ ይላል። አይሁድ ዛሬ ሮሽ ሀሻና ብለው አዲስ ዓመታቸውን የሚያከብሩት ያን ቀን ነው። እኛ ነነዌን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ፋሲካን የምናወጣው ከዚህ መለከት ተነስተን ነው። በ2017 መጥቅዕ መስከረም 29 ነበር። ትክክለኛው የአይሁድ አዲስ ዓመት ግን መስከረም 23 ዋለ። ስድስት ቀን ልዩነት። የእኛ ሰንጠረዥ በጣም የቆየ ነው፤ ጨረቃዋ ደግሞ ሰንጠረዥ አትጠብቅም። በየዘመኑ ጥቂት ጥቂት እየተጠራቀመ ቀን ሆነ። ጉዳዩ የሃይማኖት ጠብ ሳይሆን የሒሳብ ነው። በየመንደሩ «እነሱ አጠፉት»፣ «እነሱ ቀየሩት» ሲባል ስሰማ ይህን ማስረዳት እወዳለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ።

ኢየሩሳሌም ሳለሁ ዕብራይስጥ ያስተማሩኝ አንድ አዛውንት አይሁዳዊ ነበሩ። አንድ ቀን «ጠቦትን በእናቱ ወተት አትቀቅል የሚለው ትእዛዝ ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ምሥጢሩን ይነግሩኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ሥጋ ከበሉ በኋላ ወተት እስኪጠጡ ስንት ሰዓት እንደሚቆዩ ነገሩኝ። ስድስት ሰዓት፤ ሌሎች ዘንድ ከዚያ ያነሰ። ሁለት ዓይነት ድስት፣ ሁለት ዓይነት ማንኪያ፣ ሁለት ማጠቢያ። «ትርጉሙስ?» አልኳቸው። «ትርጉም ብዙ አለው፤ እራት ግን ዛሬ ማታ ነው» አሉኝ። ይህ መልስ ለብዙ ጊዜ አብሮኝ ኖሯል።

አይሁዳዊ ትእዛዝ ሲያነብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «እንዴት ነው የማደርገው?» ብሎ ነው። ክርስቲያን ያንኑ ቁጥር ሲያነብ መጀመሪያ «ይህ ስለ ማን ይናገራል?» ይላል። የፋሲካውን በግ ውሰጂ። እነሱ በጉ መቼ ይታረድ፣ እንዴት ይጠበስ፣ ማን ይብላው ብለው መረመሩ። እኛ «ፋሲካችን ክርስቶስ ታረደ» የሚለውን ጳውሎስን ይዘን በጉ እሱ ነው አልን። እርግጥ ነው፣ እነሱም ምሥጢር ይፈልጋሉ፤ እኛም ፍትሐ ነገሥት አለን። ቅድሚያው ግን እንዲህ ነው። ሌላው ልዩነት ሁሉ ከዚህ ይፈልቃል።

እነሱ «እንዴት» ብለው ሲጠይቁ ሕጉ ተቆጠረ። በኦሪት 613 ትእዛዛት አሉ ይላሉ። 248ቱ «አድርግ»፣ 365ቱ «አታድርግ» ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ዛሬ አይፈጸሙም። ቤተ መቅደሱ በ70 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስለፈረሰ መሥዋዕት የለም። በፋሲካ ማዕዳቸው ላይ የተጠበሰ አጥንት ያስቀምጣሉ፤ ለመታሰቢያ ነው። የሚገርምሽ የቤተ እስራኤል ቀሳውስት እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የፋሲካውን በግ ሲያርዱ ኖረዋል። የተቀረው የአይሁድ ዓለም ካቆመ ብዙ መቶ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

እንግዲህ «ሕጉ ይመለከተናል ወይ?» ላልሽው አንድ ያልጠበቅሽው መልስ አለ። በአይሁድ ትምህርት 613ቱ ትእዛዛት አንቺን አይመለከቱም። ለእስራኤል ነው የተሰጡት ይላሉ። ለሌላው ሕዝብ የኖኅ ልጆች ትእዛዛት የሚሏቸው ሰባት ብቻ አሉ፤ ጣዖት አለማምለክ፣ የእግዚአብሔርን ስም አለመስደብ፣ አለመግደል፣ አለመዘሞት፣ አለመስረቅ፣ ከሕያው እንስሳ ቆርጦ አለመብላት፣ ፍርድ ቤት ማቋቋም። ጓደኛሽ ዶሮውን ስትተወው አንቺን አልወቀሰችም። በእሷ ሕግ አንቺ ከዚያ ዶሮ ብትበዪ ጥፋት የለብሽም።

አሁን ሐዋርያት ሥራ 15ን ክፈቺ። ከአሕዛብ ወገን ያመኑት ይገረዙ ወይስ አይገረዙ ተብሎ ኢየሩሳሌም ላይ ጉባኤ ሆነ። የተወሰነው አራት ነገር ነው፤ ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ታንቆ ከሞተ፣ ከዝሙት ይራቁ። እነዚህ አራቱ በዘሌዋውያን 17 እና 18 በእስራኤል መካከል ለሚኖር መጻተኛ የተነገሩትን ይመስላሉ። ልብ በዪ፣ ይህን የወሰኑት ሐዋርያት ራሳቸው አይሁድ ነበሩ። ሐዋርያትም ረቢዎችም በዚህ ነጥብ ብዙም አልተራራቁም፤ አሕዛብ እስራኤል ካልሆኑ የእስራኤልን ሕግ በሙሉ አይሸከሙም።

ባልደረባሽ «ተሽሯል» ስትል ከባዶ አልተነሳችም። ገላትያ አለ፣ ቆላስይስ 2 አለ፣ ዕብራውያን አለ። የምዕራቡ ክርስትና ሕጉን በሦስት ይከፍለዋል፤ የሥነ ምግባር፣ የሥርዓተ አምልኮና የፍርድ ብሎ። የመጀመሪያው ይጸናል፣ ሁለቱ አልፈዋል ይላል። ግን «ልሽር አልመጣሁም» የሚለው ማቴዎስ 5 ላይ አለና ቃሉን እንዲሁ መወርወር አይበቃም። ፕሮቴስታንቶችም ሁሉም አንድ አይደሉም። አድቬንቲስቶች ቅዳሜን ያከብራሉ፤ የአሳማ ሥጋም አይበሉም።

አይሁድ ይህን የሦስት ክፍፍል አያውቁትም። ምክንያቱን አንቺ በሥራሽ ትረጂዋለሽ። ዘሌዋውያን 19 ቁጥር 18 «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» ይላል። ወዲያው ቁጥር 19 ከሁለት ዓይነት ክር የተሠራ ልብስ አትልበስ ይላል። ዘዳግም 22 የትኞቹ ሁለት እንደሆኑ ይገልጻል፤ የበግ ጠጉርና የተልባ እግር። አንቺ ፋብሪካ ጥጥና ፖሊስተር ሲቀላቀል ብታዪ ያ በእነሱ ሕግ ችግር የለውም። ሱፍና የተልባ እግር ከሆነ ግን ጥንቁቅ አይሁዳዊ ኮቱን ለባለሙያ አሳይቶ ነው የሚገዛው። እኛ ቁጥር 18ን የሕግ ሁሉ ራስ ብለን እንሰብካለን፤ ቁጥር 19ን ሰባኪ ሲጠቅሰው አልሰማሁም። እነሱ ሁለቱን የተናገረው አንድ ነው፣ ማን ከፋፍላችሁ ምረጡ አላችሁ ይላሉ። ከባድ ጥያቄ ነው። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አነሣዋለሁ፤ ክፍሉ በየዓመቱ ይነጫነጫል፤ ደስም ይለኛል።

ታዲያ አንቺስ? አሳማ የማትበዪው፣ ቅዳሜን የምታከብሪው፣ ያስገረዝሽው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ውጭ አገር ሰው ሲያየን «ግማሽ አይሁድ ናችሁ» ይላል። የዛሬ አራት መቶ ሰባ ዓመት ገደማም እንዲሁ ተብሏል። የፖርቱጋል ካህናት «ትይሁዳላችሁ» ብለው ሲከሱን ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር መልስ ጻፉ። ዋናው ሐሳቡ ይህ ነው። ቅዳሜን እናከብራለን፣ እንደ አይሁድ ግን አይደለም። እነሱ ውሃ አይቀዱም፣ እሳት አያነዱም፣ ወጥ አይሠሩም። እኛ ቁርባን እናቀርብበታለን፣ ማዕድ እናበላበታለን። ግዝረቱ የአገር ልማድ ነው፤ ጳውሎስ መገረዝ አይጠቅምም ማለቱን እናውቃለን። የአሳማ ሥጋም እንዲሁ፤ የሚበላውን አንጸየፍም፣ የማይበላውን አናስገድድም። እህቴ፣ ሥራሽ ከጓደኛሽ ሥራ ጋር ይመሳሰላል። ምክንያትሽ ግን የራስሽ ነው። እሷ የምትጠብቀው ቃል ኪዳን ስለሆነ ነው። አንቺ የምትጠብቂው ቤተ ክርስቲያንሽ በራሷ መንገድ ተቀብላ ስላስተማረችሽ ነው።

የቅዳሜ ነገር ደግሞ የእኛው ሰፈር ታሪክ ነው። አባ ኤዎስጣቴዎስ በ14ኛው መቶ ዓመት ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም ይከበሩ ብለው አስተማሩ። ከእስክንድርያ የሚመጡት ጳጳሳት ተቃወሙ። የእኛው የሐይቅ እስጢፋኖስ አለቆችም ከጳጳሱ ወገን ነበሩ። ከደሴ ተነስተሽ በጥቂት ሰዓት የምትደርሺበት ያ ገዳም ማለት ነው። ቅዳሜን እናክብር ያሉት መነኮሳት ተከሰዋል፣ ታስረዋል። ዐፄ ዳዊት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1404 እንደ ሥርዓታቸው እንዲኖሩ ፈቀዱላቸው። ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ነገሩን ዘጉት፤ ሁለቱም ሰንበት ሆኑ። ስለዚህ ቅዳሜሽ ከጥንት ዝም ብሎ የተንከባለለ ቅሪት አይደለም። ሰው ታስሮበታል፣ ተከራክሮበታል፣ መርጦታል። ቀዳም ሥዑር የሚለውን ስም ተመልከቺ። «የተሻረች ቅዳሜ» ማለት ነው። ቅዳሜ በሌላ ጊዜ ከእህል ከውሃ ስለማይጾም፣ በዓመት አንድ ቀን ግን ስለሚጾም ነው ይህን ስም ያገኘው።

የጓደኛሽ ቅዳሜ ሌላ ነው። ረቢዎቹ በሰንበት የሚከለከሉ 39 የሥራ ዓይነቶች ዘርዝረዋል፤ መዝራት፣ ማጨድ፣ መጋገር፣ መስፋት፣ መጻፍ፣ እሳት ማንደድ እያለ ይሄዳል። ኢየሩሳሌም ዓርብ ማታ ሳይረን ይነፋል። የእኛ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ካለችበት መንገድ ጥቂት ስትሄጂ አጥባቂዎቹ የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ያን ሳይረን ስሰማ መኪናው ሁሉ ጸጥ ሲል አይቻለሁ። ቤታቸው ግን ጨለማ አይደለም። ሻማው ሳይመሽ ይበራል፤ ወጡም ከዓርብ ጀምሮ በቀስታ እሳት ላይ ተጥዶ ይቆያል። የቤተ እስራኤል ሴቶች በጎንደር እንዲህ አላደረጉም። «በሰንበት እሳት አታንድዱ» የሚለውን እንደተጻፈ ወስደው እሳቱን ዓርብ አጠፉት። ምግቡ ቀዝቃዛ ነው። ቡናም የለም። ከአንድ ቁጥር ሁለት የአይሁድ ሰንበት ወጣ። የጓደኛሽ ቤተሰብ እስራኤል ሲገቡ ይህን ሁሉ እንደገና መማር ነበረባቸው፤ ቀላል አልነበረም።

ስለ ምግቡ ለወሎ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። እዚህ ሠርግ ሲደገስ ለክርስቲያኑ ለብቻ፣ ለሙስሊሙ ለብቻ ይታረዳል። የጎረቤትን እርድ አክብሮ ማቅረብ እናቶቻችን ያስተማሩን ነው። ጓደኛሽ ሦስተኛ ድስት ጨመረች፣ በቃ። ደግሞ አሳማ ስትዪ ገረመኝ፤ ደሴም ኮምቦልቻም አሳማ ማን ያያል? እዚህ ክርስቲያኑን ከሙስሊሙ የሚለየው ግመል ነው። ዘሌዋውያን 11 ግመል ያመሰኳል ግን ሰኮናው አልተሰነጠቀም ይላል። አይሁድም በዚህ ከአንቺ ጋር ናቸው። ዓሣ ከሆነ ደግሞ ክንፍና ቅርፊት ይፈለጋል። ቆሮሶ ቅርፊት አለው፤ ብታቀርቢላት ትበላው ነበር። አምባዛ የለውም። ጥሬ ሥጋ ግን በጭራሽ አታቅርቢ። ደም አትብሉ የሚለውን ለመጠበቅ ሥጋውን ውሃ ውስጥ ነክረው፣ አንድ ሰዓት ያህል ጨው አድርገውበት አጥበው ነው የሚሠሩት።

የልጅሽ ነገር። ግዝረቱን አንሥተሻል፤ ክርስትናውንስ? ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ከዘሌዋውያን 12 ነው። የወለደች ሴት ለወንድ 7 እና 33፣ ለሴት 14 እና 66 ቀን ትቆያለች ይላል። ደምሪው። ዛሬ አይሁድ ቤተ መቅደስ ስለሌለ መሥዋዕቱን አያቀርቡም፤ 40ና 80ውም በኑሯቸው ብዙ ቦታ የለውም። የቤተ እስራኤል እናቶች ግን ቀኑን በአራስ ጎጆ ቆጥረውታል። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ቁጥሩን ወስዳ የጥምቀት ቀን አደረገችው። ጌታም በስምንተኛው ቀን ተገርዟል፣ በአርባኛው ቀን ወደ ቤተ መቅደስ ገብቷል። ጥር 6 ግዝረትን፣ የካቲት 8 ልደተ ስምዖንን የምናከብረው ለዚህ ነው።

ሌሎቹን በዓላት ፈጠን ብዬ ልለፍ። እነሱ ከፋሲካ ሃምሳ ቀን ቆጥረው የመከሩንና የሕጉን መሰጠት ያከብራሉ። እኛ ሃምሳውን ቆጥረን ጰራቅሊጦስን እናከብራለን። የስርየት ቀናቸው ዮም ኪፑር 25 ሰዓት ያህል ያለ ምግብና ያለ ውሃ ነው። የጾም ምግብ የሚባል ነገር የላቸውም። የእኛ ጾም ቀኑ ብዙ ነው፣ የእነሱ ጥቂትና ጥብቅ ነው። ለእኛ ያ የስርየት ቀን በስቅለት ተፈጽሟል፤ ዕብራውያን 9ን አንብቢ። ሐኑካን ደግሞ የጓደኛሽ አያቶች አያውቁትም ነበር። የዮሐንስ ወንጌል 10 ላይ ግን በስሙ ሳይሆን «የመቅደስ መታደስ በዓል» ተብሎ ይገኛል።

የዳስ በዓልን ግን ዝም ብዬ አላልፍም። በመስከረም ወይም በጥቅምት መጀመሪያ ኢየሩሳሌም በየበረንዳው ዳስ ይሠራል። ጣሪያው ቅጠል ነው፤ ኮከብ መታየት አለበት። ቤተሰቡ ሰባት ቀን እዚያ ይበላል፤ የሚያድርበትም አለ። ለወሎዬ ዳስ ሠርግ ወይም ሐዘን ነው። እነሱ በምድረ በዳ የኖሩበትን ዘመን ለማሰብ በየዓመቱ ከጠንካራ ቤታቸው ወጥተው ቅጠል ሥር ይቀመጣሉ። እኛ በዓሉን አናከብረውም። ዳሱ ግን ደብረ ታቦር ላይ አለ። ጴጥሮስ «ሦስት ዳስ እንሥራ» ያለው ከዚህ ልማድ ነው የሚሉ አሉ። ዳሱ ካበቃ በኋላ የኦሪቱን ጥቅልል ከመንበሩ አውጥተው አቅፈውት ይጨፍራሉ። ሰባት ጊዜ ይዞራሉ፤ አባቶች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ ያደርጋሉ። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ጥምቀት ትዝ አለኝ። ታቦቱ ሲመለስ ሕዝቡ እንዴት እንደሚሆን ታውቂያለሽ።

ያን ቀን አንድ ነገር ከውስጤ ወጣ። እኔ ያደግሁት «አይሁድ በሕግ ሸክም የጎበጡ ናቸው» ሲባል እየሰማሁ ነው። የሚጨፍሩት ሰዎች የጎበጡ አይመስሉም ነበር። ክርስቶስ ሕጉን ፈጸመ ብዬ አምናለሁ፤ ለዚህ እምነቴ እኖራለሁ። ግን የሌላውን ሰው ደስታ ሸክም ብሎ መጥራት እውነት አይደለም። በሕማማት ስብከት «አይሁድ» የሚለው ቃል እንደ ስድብ ሲወረወር እንሰማለን። የጓደኛሽ ወገኖች ደግሞ በአገራቸው ምድር ፈላሻ ተብለዋል፣ ቡዳ ተብለዋል፣ መሬት ተነፍገዋል። ያን ሳምንት ቤትሽ ተቀምጣ ስብከቱን በድምፅ ማጉያ ሰምታው ይሆናል። እመቤታችን አይሁዳዊት ናት። ሐዋርያት አይሁድ ናቸው። ይህን በየዓመቱ በሕማማት ሰኞ ለተማሪዎቼ እናገራለሁ፤ አንቺም ለልጅሽ ንገሪው።

ስግድንም ጠይቂያት። ከዮም ኪፑር በኋላ በሃምሳኛው ቀን ተራራ ወጥተው፣ ጾመው፣ ኦሪት የሚሰሙበት የቤተ እስራኤል በዓል ነው። እኛ ወደ ግሸን እንደምንወጣው አድርገሽ አስቢው። በ2008 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የእስራኤል ምክር ቤት በሕግ ብሔራዊ በዓል አደረገው። ካደገችበት ተራራ የተረፈላት እሱ ነው።

ማናችን ነን ልክ ላልሽው፣ እኔ ክርስቲያን ነኝና ከየት ወገን እንደቆምኩ ታውቂዋለሽ። ግን ጓደኛሽ የራሷን ቃል ኪዳን በትክክል ጠብቃለች። አንቺም የቤተ ክርስቲያንሽን። ባልደረባሽ ያነበበችው መልእክት መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ «በከንቱ ነው የምትደክሚው» ብላ አንቺ ላይ መፍረዷ ግን የራሷ ነው። ገላውዴዎስ የሚበላውንም የማይበላውንም ተዉት ያሉት ይህን ስለሚያውቁ ነው።

ለሚመጣው ዓመት አንድ ነገር ልንገርሽ። በ2018 የእሷ ፋሲካ መጋቢት 23 ማታ ገብቶ መጋቢት 30 ማታ ይወጣል። የእኛው ሚያዝያ 4 ነው። ስለዚህ ከሕማማት ረቡዕ ማታ ጀምሮ እንጀራ ትበላለች፤ አንቺ ግን ገና ጾም ላይ ነሽ። ያ በጣም ይመቻችኋል። የእኛ የጾም ምግብ ሥጋም ወተትም የለበትም፤ በእሷ ሕግ ከሁለቱም ጋር የማይጋጭ ነው። አንድ አዲስ ድስትና አንድ አዲስ ማማሰያ ግዢ፣ ሥጋና ቅቤ ያልነካው። ሽሮውን በእሱ ሥሪ። ከአንድ ትሪ መብላት ትችላላችሁ።